ዋጉ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ስላዘዙልን

ለክቡር የሰብል ጤና ምርምር ጣቢያ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ መተላለፊያ ላይ በቁመታቸው ተመርጠው የተሰለፉት የአበባ ማሰሮዎች ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የግራው ምንም አይለኝም፤ ስለዚህ ሁለቱን ጉልበቶቼን ወጥ የሚያደርግ መመሪያ ከጽሕፈት ቤትዎ እስኪወጣ ድረስ እያነከስኩ በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

ማን እንደሆንኩ ለመግለጽ ያህል፣ በስብሰባ ላይ «ያቺ የዋግ ልጅ» እያሉ በፍቅር የሚጠሯት ተመራማሪዎ የእህቴ ልጅ ናት። እኔ ከወንዙ ማዶ ስንዴ የምዘራ አጎቷ ነኝ። ስለ ፈንገስ የማውቀውን ያገኘሁት በኪሎ ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ካወጣሁት አንድ መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ የፊት ገጾች ቀደም ብለው ስኳር ተጠቅልሎባቸው ስለሄዱ፣ ፈንገስ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳልማር ምን እንደሚያደርግ ብቻ ተማርኩ። የጎደለውን ያሟላሁት ከእህቴ ልጅ ጋር እየተከራከርኩ ነው፤ ክርክሩን ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ስለሆነች ብዙ ዕውቀት አግኝቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ምክንያቴን ልናገር። መጀመሪያ ያሰብኩት በጣቢያዎ በር ላይ በተሰቀለው የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ልከተው ነበር። ነገር ግን ግቢው ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ይሁን ብለው ባዘዙ ጊዜ ቀለም ቀቢው ትእዛዝዎን እንደ ቃሉ ፈጽሞ የሣጥኑን አፍም አብሮ ስለቀባው፣ ወረቀቴ የሚገባበት ቀዳዳ አጣሁ። ጥበቃው፣ ሣጥኑ ከተቀባ ወዲህ አንድም ቅሬታ መጥቶ እንደማያውቅ በኩራት ነገረኝ። ለሥራ አመራርዎ ያለኝ አድናቆት የጀመረው የዚያኑ ዕለት ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የእህቴ ልጅ ጥናቷን እንድትጀምር ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። ጋዜጣውን የሚያነበው ሰው ነገሩን እንዲረዳው ከሥሩ ልነሳ ነው፤ እርስዎ የሚያውቁትን ስለምደግም ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እግረ መንገድዎን ቢያነቡት ግን አይጎዳዎትም።

ባለፈው የዘር ወቅት እኔና ጎረቤቴ ከአንድ ጆንያ የወጣ ስንዴ ተካፍለን ዘራን። ይህን ጎረቤቴን መንደሩ ሁሉ «ይደርሳል» ነው የሚለው፤ ለሠርግም ለቀብርም ሰው ሊበተን ሲል ስለሚመጣና ሚስቱ ሁልጊዜ በዚያች አንዲት ቃል ስለምትከላከልለት ነው። ዋጉ ግን እሱን አልጠበቀውም፤ ከማሳው በጊዜ ደረሰ። ዋግ ስል በስንዴ ቅጠል ላይ ቢጫ ዱቄት ሆኖ የሚወጣውን፣ ነፋስ ከአገር አገር የሚያመላልሰውን ፈንገስ ማለቴ ነው። ይደርሳል ጥቁር ሱሪ ለብሶ ማሳው ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እርድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ከድንበሩ ወዲህ ያለው የእኔ ማሳ ግን እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት ታየበት እንጂ እንደለመለመ ከረመ። ይደርሳል ጤነኛውን ዘር ለራስህ መርጠህ የታመመውን ሰጠኸኝ ብሎ አኮረፈኝ። እኔም ዋጉ የሚንጎራደድ ሰው ፈርቶ የተቀመጠ ሰው ጋ ሄደ እንጂ እኔ ምን አደረግኩ አልኩት። ሁለታችንም የተናገርነው ምርምር እንዳልነበረ ዛሬ አምናለሁ።

የእህቴ ልጅ መጥታ ሁለቱን ማሳዎች ተዘዋውራ ካየች በኋላ የሰጠችን መልስ በ«ምናልባት» የተሞላ ነበር። ምናልባት የይደርሳል መሬት ዝቅ ያለ ስለሆነ ጤዛው ረፍዶ ይደርቅ ይሆናል፤ ምናልባት ዘግይቶ ስለዘራ ይሆናል፤ ምናልባትም ደግሞ በእሱ ስንዴ ላይ ያለው ዋግና በእኔው ላይ ያለው ዋግ መልካቸው አንድ፣ ዘራቸው ሌላ ሌላ ይሆናል አለችን። ይደርሳል ይህን ሁሉ ዘመን ተምራ አላውቅም ትላለች እንዴ ብሎ ሳቀባት። እሷም ሳትቆጣ፣ አላውቅም ማለት እስክችል ነው ይህን ሁሉ ዘመን የፈጀው ብላ መቀሷን አወጣች።

ያን መቀስ መንደሩ አይረሳውም። ከማሳ ማሳ እየዞረች ከአንድ ቅጠል ላይ አንዲት ቢጫ መስመር ብቻ ትቆርጣለች፣ መቀሱን በአልኮል ትጠርጋለች፣ ቅጠሏን በወረቀት ፖስታ ትከታለች፣ የማሳውን ባለቤት፣ የዘሩን ዓይነትና ዕለቱን ትጽፍበታለች፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቅጠል፣ ሌላ ጠረጋ፣ ሌላ ፖስታ። ላስቲክ አትወድም፤ ላስቲክ ያልባል፣ ላብ ያበሰብሳል ትላለች። ከረጢቷን ይዤ ስከተላት አንድ ጊዜ ሁለት ቅጠል በአንድ ፖስታ ልከት ስል እጄን መታ አደረገችኝ። ጎረቤታሞች ናቸው ብዬ ነው ብላት፣ «ጋሼ፣ ጎረቤት ሁሉ ዘመድ አይደለም፤ አንተና ይደርሳልስ?» አለችኝ። ሁለተኛዋን ቅጠል በሌላ ፖስታ ከተትኩ።

አሁን ወደ ጥበቡ ልምጣ። የዋግ ዱቄት በዓይን ቢያዩት፣ በጣት ቢያሹት፣ በአጉሊ መነጽር ቢመለከቱት ያው ዋግ ነው። ልዩነቱ የተሸሸገው ከወላጅ ወደ ልጅ በሚወርደው ዘረመሉ ውስጥ ነው። በዘረመሉ ላይ አንዳንድ ቦታ አንዲት አጭር ቃል እየተደጋገመች ትገኛለች፤ አንዱ የዋግ ቤተሰብ ጥቂት ጊዜ ይላታል፣ ሌላው አብዝቶ ይላታል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የባለቤቴ ወገኖች ደጃፍ ሲደርሱ «እንዴት ናችሁ» የሚሉት ሁለት ጊዜ ነው፣ አበቃ። የእናቴ ወገኖች ግን በሩ ተከፍቶላቸው፣ ወንበር ቀርቦላቸው፣ ውሃ ጠጥተውም ሰላምታቸውን አልጨረሱም። ስለዚህ እኔ ጓዳ ሆኜ፣ የማንንም ፊት ሳላይ፣ የማን ዘመድ እንደመጣ በድግግሞሹ ብቻ አውቃለሁ። የዋግ ሞለኪውላዊ ምልክት የሚባለውም ይኸው ነው። ይህን ምሳሌ ለእህቴ ልጅ ስነግራት ከሳቀች በኋላ አረመችኝ፦ በአንድ ምልክት ብቻ አይፈረድም፣ ሁለት ቤተሰቦች በአንዱ ተመሳስለው በሌላው ሊለያዩ ስለሚችሉ ብዙ ምልክቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። ማሽን እነዚያን ቦታዎች ያባዛቸዋል፤ ከዚያም ረግቶ እንደ ማርማላታ በሚንቀጠቀጥ ጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ይነዳሉ፤ አጭሩ ፈጥኖ ይርቃል፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። በመጨረሻም ፎቶ ሲነሳ እያንዳንዱ ቅጠል የየራሱን መስመር በየራሱ ከፍታ ላይ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ያን ፎቶ ስለመለሱላት አመሰግናለሁ። መስመሮቹን አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ሲያዩ ፊትዎ እንደጠቆረ ሰምቻለሁ፤ መልስዎ ግን እንደ ወትሮው ጨዋ ነበር፦ «የመስመሮቹ አቀማመጥ ወጥነት ይጎድለዋል፤ ተስተካክሎ ይቅረብ።» ክቡርነትዎ፣ የጥናቱ ርዕስ «የዋግ ልዩነት» የሚል ነበር። ልዩነት ሊፈለግ ወጥቶ ልዩነት ስለተገኘበት የተመለሰ ጥናት ከእኛ ጣቢያ በቀር ሌላ ቦታ ስለመኖሩ አልሰማሁም፤ ይህን ክብር ያገኘነው በእርስዎ ነው። ልጅቷም ምናልባት የሳትኩት እኔ ነኝ ብላ ከሥር ጀምራ ደገመችው። መስመሮቹ እንደ እልኸኛ ዘመድ እዚያው የቀድሞ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ተገኙ። በምርምር ዘንድ ይህ የምሥራች ነው አሉ፤ በእርስዎ ዘንድ ግን ተደጋጋሚ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረባት።

በዚህ አልፈርድብዎትም። ጣቢያውን ሲረከቡ ወንበሩ ሁሉ ከየቤቱ የተለመነ ይመስል እንደነበር፣ የሠራተኛው ካፖርት አንዱ ነጭ አንዱ ግራጫ፣ የመጋረጃው ቁመት እንደ ሰው ጠባይ የተለያየ እንደነበር የሚያውቅ ሰው የዛሬውን ሥርዓት ማድነቁ አይቀርም። ሁሉን አስተካክለው ሲጨርሱ ያልተስተካከለ ዋጉ ብቻ ቀረ።

ሦስተኛ፣ እሱንም ስላስተካከሉት አመሰግናለሁ። የተለያየ መስመር የሚመጣው ቅጠሎቹ ለየብቻ ስለሚሠሩ መሆኑን ደረሱበትና፣ ከየማሳው የወጣው ሁሉ በአንዲት ብልቃጥ ተቀላቅሎ እንዲሠራ አዘዙ። ይህም ጊዜን እንደሚቆጥብ፣ የሠራተኛን ድካም እንደሚቀንስ፣ የቡድን መንፈስንም እንደሚያጠናክር በስብሰባ ላይ አብራሩ። የእህቴ ልጅ እንደነገረችኝ ናሙና መቀላቀል በራሱ ነውር አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ ይደረጋል። ስንት ቤተሰብ እንዳለ ለመለየት መቀላቀል ግን፣ በሰፈሩ ውስጥ ስንት ዓይነት ድምፅ እንዳለ ለማወቅ ሰፈርተኛውን ሁሉ በአንድ ክፍል ዘግቶ በአንድ ጊዜ ጩኹ እንደ ማለት ነው። የብልቃጧም መልስ እንደዚያው ሆነ። አንድ መስመር ሲጠበቅ መስመሮቹ እንደ መሰላል ተደራርበው ወጡ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይደነግጥ ነበር። እርስዎ ግን ጎላ ያለውን መስመር «ዋግ»፣ ፈዘዝ ያሉትን «ጥላ» ብለው ሰየሟቸውና ጉዳዩ ተዘጋ። እኔ ይህን ዘዴ ወዲያው ቤቴ ውስጥ ሞከርኩት፤ ባለቤቴና እናቷ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲቆጡኝ ጎላ ያለውን ሰማሁ፣ ፈዘዝ ያለውን ጥላ ነው ብዬ አለፍኩት። አማቴ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም።

አራተኛ፣ «የአካባቢው ዋግ አንድ ዓይነት ነው» የሚለውን ሪፖርት በሚያምር ጥራዝ አስጠርዘው ስላወጡና፣ በዚሁ መነሻነት ለመንደራችን ሁሉ አንድ አዲስ የስንዴ ዘር እንዲታደል ስላስወሰኑ አመሰግናለሁ። ዘሩ ያን ጎላ ያለውን ዋግ ይቋቋማል፤ ይህን እኔም አልክድም። የፈዘዙትስ? እነሱ ጥላ ስለሆኑ ስንዴ አይበሉም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

እዚህ ላይ የእህቴን ልጅ እንዳላስዋሻት ልጠንቀቅ። ምልክቱ የዋጉን ዘመድ እንጂ አመሉን እንደማይናገር ደጋግማ ነግራኛለች። ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው ማለት ሁለቱም አዲሱን ዘር ያጠቃሉ ማለት አይደለም፤ ምናልባት ዘሩ ሁሉንም ይችላቸው ይሆናል። ስለዚህ እሷ የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር፦ ቅጠሎቹ ለየብቻ ይነበቡ፣ ከየቤተሰቡ አንድ አንድ ተወካይ ይመረጥ፣ ዱቄቱ በአዲሱ ዘር ቡቃያ ላይ በሣጥን ውስጥ ይነስነስ፣ ከዚያ ይታይ። ቡቃያው ከጸና ዘሩ ይታደል፤ ከታመመም በሣጥን ውስጥ ይታመም እንጂ በእኛ ማሳ ላይ አይታመም። ውጤቱ እርስዎ ትክክል እንደነበሩ ካሳየ ደግሞ ቀድማ የምትናገረው ራሷ እንደሆነች ቃል ሰጥታለች፤ እኔ ይህን ቃሏን ባልወደውም።

አምስተኛ፣ ስሟ በሪፖርቱ ላይ እንዳይጻፍ በትሕትና ስለለመነች ከከባዱ የቤተ ሙከራ ሥራ አሳርፈው የአበባ ማሰሮዎቹ ተቆጣጣሪ ስላደረጓት አመሰግናለሁ። ሥራው ጤናማ ነው፣ አየር አለው። አበባዎቹ አንዱ ካንዱ እንዳይበልጥ በዚያው መቀስ እየከረከመች ትውላለች አሉ። ቤት ስትመጣ አንድም ቀን አማርራ አታውቅም። ብቻ ከእኔ ጋር መከራከር አቁማለች። ባለፈው ሳምንት ሆን ብዬ፣ ዋግ የሚመጣው ከጨረቃ ነው ብያት ነበር፤ «ይሆናል፣ ጋሼ» ብላኝ ራቷን በላች። ክቡርነትዎ፣ ይህች ልጅ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ለእኔ «ይሆናል» ብላኝ አታውቅም። ይህን ያነሳሁት ለወቀሳ አይደለም፤ የሠራተኛ አያያዝዎ እስከ እራት ገበታችን ድረስ እንደሚሰማ ቢያውቁት ደስ ይልዎታል ብዬ ነው።

ስድስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ የማቀዝቀዣውን ጉዳይ ይመለከታል። ለዘር እደላው ሥነ ሥርዓት እንግዶች ስለሚመጡ፣ በቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሉት «ያረጁ ቅጠሎችና ልዩ ልዩ ቆሻሻ» ተወግደው በምትካቸው የታሸገ ውሃ እንዲቀዘቅዝ ማዘዝዎን በበርዎ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አነበብኩ። ያረጁት ቅጠሎች የተባሉት እነዚያው ፖስታዎች ናቸው፤ ልጅቷ ለብልቃጧ ግማሽ ግማሹን ሰጥታ የቀረውን ግማሽ በየፖስታው አስቀምጣ ነበር። ስንዴው ታጭዷል፣ ማሳው ገለባ ነው፣ ዛሬ ማንም ወጥቶ ያን ዋግ ከየትም ቆርጦ አያመጣውም። ዱቄቱም በቅዝቃዜ ውስጥ ለጊዜው በሕይወት ይቆያል እንጂ ለዘላለም አይቆይም። እንግዲህ ፖስታዎቹ ከተጣሉ አዲሱን ዘር በፈዘዙት ዋጎች ላይ ለመፈተን የቀረን ቤተ ሙከራ የይደርሳል ማሳ ብቻ ነው።

ስለ እሱ አንድ ቃል ልጨምር። ይደርሳል ባለፈው ወቅት ከማሳው ያነሳው ገለባ ነው፤ ቤተሰቡ የከረመው ከዘመድ እየተበደረ ነው። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ ከልጁ ቤት ሊጠጋ ተነጋግሯል፤ ምራቱ ደግሞ እንደ እሱ ያለ ቀርፋፋ ሰው አይታ አታውቅም፣ እሱም እንደ እሷ ያለች ችኩል አይቶ አያውቅም። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንነታረክ የኖርን ሰዎች ነን። እሱ ከሄደ እኔ በማን ላይ ልቀልድ ነው? ለእርስዎ ጽፌ እስክጨርስ ድረስ እንኳ እዚህ አጠገቤ ቆሞ፣ ስለ እኔ መልካም ነገር ጻፍ እያለ ነው። ጽፌአለሁ ብዬዋለሁ።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ልመናዬ አጭር ነው። የዘር እደላው ቅጠሎቹ ለየብቻ ተነብበው ቡቃያው እስኪፈተን ድረስ ይቆይ፤ የዘር ወቅቱ ገና ስለሆነ ጊዜው ይበቃል፣ እንደ ይደርሳል ያለ ሰውም ቢሆን ይደርሳል። መቀሱም ከአበባው ወደ ቅጠሉ ይመለስ። ይህን ቢያደርጉ ማንም እንደ ሽንፈት አይቆጥርብዎትም። ሪፖርቱ ላይ መጨመር የሚያስፈልገው ነገር ቢኖር አንዲት «ምናልባት» ናት፤ የምናውቃት፣ ጨዋ ቃል ናት፣ ቦታም አትይዝም።

ቢሮዎ እንደተስተካከለ፣ ካፖርትዎ እንደነጣ፣ ስብሰባዎ ተቃዋሚ እንዳጣ እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፤ ስንዴ በሚዘሩ፣ ስንዴ በሚበሉ፣ እንዲሁም ሪፖርትዎን አንብበው ባልገባቸው ጎረቤቶቼ ሁሉ ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ እጅ እነሳለሁ።

የእርስዎ አድናቂ፣
የዋግ ልጅ አጎት፣
ከወንዙ ማዶ።

ማስታወሻ፦ ያ በበርዎ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ በስተመጨረሻ፣ «ቆሻሻውን ማንሳት የሚፈልግ ሰው ያለ ክፍያ መውሰድ ይችላል» የሚል ቸርነት ስላለበት፣ ትናንት ጠዋት ጋሪዬን ይዤ ቀረብኩ። የጽዳት ክፍሉ ፖስታዎቹን በሙሉ በሥነ ሥርዓት አስረከበኝ፣ እኔም ቆሻሻውን ተቀብያለሁ ብዬ ፈረምኩ፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣዎ ለእንግዶችዎ ውሃ ነጻ ነው። ቅጠሎቹ አሁን በእኔ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው፤ ባለቤቴ ወተቷን ጎረቤት ታስቀምጣለች፣ ለእኔ ደግሞ አጠራቅማ የምትነግረኝ ነገር አላት። የእህቴ ልጅ ይህን የምትሰማው እንደ እርስዎ ዛሬ ከጋዜጣው ላይ ስለሆነ ጠርተው ባይቆጧት ደስ ይለኛል፤ ምሽት ቤት መጥታ እኔን ራሷ ትቆጣኛለች፣ እኔም በጉጉት እጠብቃታለሁ። ጣቢያው ቅጠሎቹን ለምርምር መልሶ የፈለጋቸው እንደሆነ በሬ ለማንም ክፍት ነው። ብቻ በአንድ ከረጢት ጠቅልዬ አልሰጥም። ከየማን ማሳ እንደመጣ እያነበብኩ፣ እያንዳንዱን ፖስታ ለየብቻ፣ አንድ በአንድ ነው የማስረክበው። ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ምሳዎን በልተው ይምጡ።